እየጨመረ ለመጣው ከልክ ያለፈ ውፍረት ኃላፊነቱን መውሰድ ያለበት ማን ነው?

ጥያቄ፦ ከሁለት ልጆች እናት

ባለፈው ወር የ11 ዓመት ልጄን ለመደበኛ ምርመራ ወደ ጤና ተቋም ወስጄው ነበር። ነርሷ ክብደቱንና ቁመቱን ለክታ በእድገት መከታተያ ሠንጠረዡ ላይ ነጥቡን ካሳረፈች በኋላ ፊቷን ወደ እኔ መልሳ፣ ልጁ እየሰማ፣ «ቤት ውስጥ ምን እያበላችሁት ነው?» አለችኝ። ልጄ ዓይኑን ከጫማው ላይ አላነሳም። ወደ ቤት ስንመለስ ግን መንገድ ላይ ቆም ብሎ «እማዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ወይስ ያንቺ?» ሲል ጠየቀኝ፤ የምመልስለት አጣሁ።

ጥያቄውን ይዤ ወደ ወላጆች ስብሰባ ሄድኩ። የትምህርት ቤቱ አስተዳደር የአመጋገብ ልማድ የሚቀረጸው በቤት ውስጥ መሆኑን አስረዳ። አንዳንድ ወላጆች በበኩላቸው ካፍቴሪያው ከጠዋት እስከ ማታ ጣፋጭ መጠጥና የታሸገ ምግብ እንደሚሸጥ ጠቅሰው ወቀሱ። የካፍቴሪያው ባለቤት ተነሥተው ልጆቹ የማይፈልጉትን ሸጠው መኖር እንደማይችሉ በትሕትና ተናገሩ። አንድ አባት ደግሞ ለሕፃናት በሚቀርበው ማስታወቂያ ላይ ገደብ ያላደረገውን መንግሥት ተጠያቂ አደረጉ። እያንዳንዱ ሲናገር እውነቱን ይመስለኝ ነበር፤ ስብሰባው ሲበተን ግን በማግስቱ ምን እንደሚለወጥ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው መረጃ እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ5 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ልጆችና ወጣቶች መካከል ከ390 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ክብደታቸው ከሚገባው በላይ የነበረ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 160 ሚሊዮኑ ከልክ ያለፈ ውፍረት ደረጃ ላይ ደርሰው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ ከልክ ያለፈ ውፍረት በአዋቂዎች ዘንድ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል፤ በአፍላ ወጣቶች ዘንድ ደግሞ አራት እጥፍ ሆኗል። ይህን ያህል ሕፃናት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሰነፍና ሆዳም ሆኑ ብሎ ማመን ያቅተኛል።

«የሁላችንም ኃላፊነት ነው» የሚለውን መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሁሉም ኃላፊ ነው ሲባል ማንም ሳይጀምር እንደሚቀርም በዚያ ስብሰባ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ጥያቄዬን አጥብቤ ላቅርበው፦ መጀመሪያ መንቀሳቀስ ያለበት ማን ነው? ለምንስ እሱ?


መልስ፦ ከሥነ ምግብ ባለሙያ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት በሙያ ባልደረቦቼ ስም ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ሕፃን ልጅ እየሰማ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሊቀርብልዎ አይገባም ነበር። እኛ ዘንድ መጥቶ ተወቅሶ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ ሲመለስም የስኳር በሽታ ወይም የደም ግፊት ይዞ እንደሚመለስ በሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ። የጤና ባለሙያ በዚህ ጉዳይ ላይ ያለበት የመጀመሪያው ኃላፊነት አንደበቱን መጠበቅ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ለልጅዎ ጥያቄ የሚሆነውን መልስ ከሰውነት አሠራር ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን ይፋ አደረጉ። ይህ ሆርሞን ከስብ ሕዋሳት እየመነጨ በደም አማካይነት ወደ አንጎል ይሄድና በሰውነት ውስጥ ምን ያህል ስብ እንደተከማቸ ያሳውቃል። ስቡ ሲቀንስ ሆርሞኑም ይቀንሳል፤ አንጎልም ይህን እንደ አደጋ ቆጥሮ ረሃብን ያበረታል፣ የሰውነትንም የኃይል ወጪ ይቆጥባል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት፣ በቴሌቪዥን በተላለፈ የክብደት መቀነስ ውድድር ላይ የተሳተፉ 14 ሰዎችን ከ6 ዓመት በኋላ መልሶ ለክቷቸው ነበር። ሰውነታቸው በዕረፍት ላይ ሳለ የሚያቃጥለው ኃይል ለክብደታቸው ከሚጠበቀው በቀን በአማካይ 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል አንሶ ተገኘ፤ አብዛኞቹም ቀንሰውት ከነበረው ክብደት ብዙውን መልሰው ጨምረዋል። እነዚህ ሰዎች ጥረት አልጎደላቸውም፤ በሚሊዮኖች ፊት ላባቸውን ያፈሰሱ ሰዎች ናቸው።

ሌላው በሥራዬ አስተሳሰቤን የለወጠው በተመራማሪው ኬቨን ሆል የተመራው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጥናት ነው። 20 ሰዎች ለአራት ሳምንታት በምርምር ሆስፒታል ውስጥ እንዲቆዩ ተደረገ። ግማሹን ጊዜ በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ግማሹን ጊዜ ደግሞ ብዙም ያልተቀነባበረ ምግብ ቀረበላቸው፤ በሁለቱም ጊዜ የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብ፣ ጨውና አሰር ተመጣጣኝ ሆኖ፣ የፈለጉትን ያህል በልተው የቀረውን እንዲተዉት ተነገራቸው። የተቀነባበረው ምግብ በቀረበባቸው ሳምንታት በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል አስበልጠው በሉ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ጨመሩ። በሌላው ምግብ ደግሞ ያንኑ ያህል ቀነሱ። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ የመንፈስ ጥንካሬያቸውም ያው ነው። የተለወጠው በፊታቸው የተቀመጠው ምግብ ብቻ ነው።

በእነዚህ ምክንያቶች የእኔ መልስ ግልጽ ነው። መጀመሪያ መንቀሳቀስ ያለበት በሰው ፊት ምን እንደሚቀመጥ የመወሰን ሥልጣን ያለው አካል ነው፤ ይህም አምራቹንና አምራቹን የሚቆጣጠረውን መንግሥት ይመለከታል። በቅርብ ዓመታት የመጡት ክብደት የሚቀንሱ መድኃኒቶች ለብዙ ታካሚዎቼ እፎይታ ሰጥተዋል። ለምሳሌ ሴማግሉታይድ በ68 ሳምንታት ውስጥ በአማካይ ወደ 15 በመቶ የሚጠጋ ክብደት እንዲቀንስ ማድረጉ በጥናት ታይቷል፤ እኔም በደስታ ነው የተቀበልኩት። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ የሚያክመው የታመመውን ሰው ነው፤ ነገ የሚታመመው ሕፃን በየቀኑ የሚያልፍበትን መተላለፊያ አይለውጠውም።


መልስ፦ ከአንድ አባት

የባለሙያውን ማብራሪያ በአክብሮት አነበብኩት፤ ነገር ግን መደምደሚያውን ለመቀበል እቸገራለሁ። ከአምስት ዓመት በፊት 118 ኪሎ እመዝን ነበር። ቢሮዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ደረጃውን ወጥቼ ስጨርስ ለሰላምታ የሚሆን ትንፋሽ አይተርፈኝም ነበር፤ ስልክ የማወራ መስዬ ግድግዳውን ተደግፌ እቆም ነበር። ከዚያ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ 26 ኪሎ ቀነስኩ። የምበላውን እየጻፍኩ፣ ማታ ማታ በእግሬ እየሄድኩ፣ ስወድቅም እንደገና እየጀመርኩ ያደረግሁት ነው። በዚያ ሰዓት «ኃላፊነቱ የመንግሥትና የፋብሪካው ነው» ብሎ ያጽናናኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እጄን አጣጥፌ እጠብቅ ነበር ብዬ እፈራለሁ።

በሕግና በግብር ላይ ያለው እምነትም ከልክ ያለፈ ይመስለኛል። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011 በጠጣር ስብ ላይ ግብር ጥላ ነበር፤ ሰዎች ድንበር እየተሻገሩ ገበያቸውን ወደ ጎረቤት አገር ሲያደርጉ አይታ ከጥር 2013 ጀምሮ አነሣችው። የኒው ዮርክ ከተማም የጣፋጭ መጠጥን መጠን ለመገደብ ያወጣችው ደንብ ሥራ ላይ ሳይውል ፍርድ ቤት ሽሮታል። ደግሞም ግብር ሲጣል ከሁሉ በላይ የሚሰማው ገቢው ዝቅተኛ ለሆነው ሰው ነው፤ ይህ ያሳስበኛል። ልጆቼን ሳሳድግ የማስተምራቸው እጃቸው ወደ አፋቸው የሚያነሣውን ነገር ራሳቸው እንዲመርጡ ነው። ይህን ትምህርት ማንም ሌላ ሰው ሊያስተምርልኝ አይችልም።


መልስ፦ ከቀድሞ የምግብ ፋብሪካ ሠራተኛ

ወንድሜ፣ ያደረጉት ነገር እጅግ የሚከበር ነው፤ የምጽፈውም ጥረትዎን ለማሳነስ አይደለም። ይሁን እንጂ እኔ በሌላኛው ወገን፣ ማለትም ምግቡ በሚዘጋጅበትና በሚሸጥበት በኩል ለዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ስሙን በማልጠቅሰው ድርጅት ውስጥ ያየሁትን ላካፍል።

አዲስ መጠጥ ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት በትንንሽ ነጭ ኩባያዎች ይቀዳና ለቀማሾች ይቀርባል። ኩባያዎቹ ላይ ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። በእያንዳንዱ ኩባያ ያለው ስኳር በጥቂት ግራም ይለያያል፤ ቀማሾቹም ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣሉ። ጣፋጭነቱ እየጨመረ ሲሄድ ነጥቡ ከፍ ይላል፤ ከአንድ ደረጃ በኋላ ደግሞ ይሰለችና ይወርዳል። የእኛ ሥራ ነጥቡ ከፍተኛ የሆነበትን ኩባያ መያዝ ነበር። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብዙዎቻችን የልጆች ወላጆች ነበርን። ይህ ስኳር በየቀኑ ለሚጠጣው ልጅ ምን ያደርገዋል የሚለው ጥያቄ ግን በቅጹ ላይ አልነበረም፤ ማንም ስላልጠየቀን አልመለስነውም።

ወደ ሽያጭ ክፍል ከተዛወርኩ በኋላ ደግሞ የሜትር ገመድ ይዤ ወደ መደብሮች እሄድ ነበር። በሥዕል ያሸበረቀውን ዕቃ ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ማለትም በትንሽ ልጅ ዓይን ልክ እናስቀምጠዋለን፤ ከሁሉ የሚፈለገው ቦታ ደግሞ ወላጅ ሒሳብ ለመክፈል ተሰልፎ የሚቆምበት ነው። ለዚያ ቦታ ለመደብሩ ገንዘብ ይከፈል ነበር። እናት ተሰልፋ ልጇ ሲያለቅስባት የሚታየው የእናትየው ድካም ብቻ ነው፤ ያንን ቅጽበት አስቀድሞ ያሰበበት ሰው ግን አለ። እኔ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው ዛሬም ስለሚያሳፍረኝ ነው።

መጠኑን በቁጥር ለማየት ያህል፣ አንድ 330 ሚሊ ሊትር የተለመደ የኮላ መጠጥ 35 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል፤ ይህም ወደ ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ከተቻለ ወደ ምግብና መጠጥ የሚጨመረው ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ሐሳብ ያቀርባል፤ ይህ ለአንድ አዋቂ 25 ግራም አካባቢ ነው። ስለዚህ ልጁ አንዷን ቆርቆሮ ጠጥቶ ሲጨርስ የአዋቂውን ድርሻ አልፏል፤ ገና ምሳውን አልበላም።

አሁን ወደ ግብሩ ልምጣ። ዴንማርክን በተመለከተ የተናገሩት ትክክል ነው። ብሪታንያ ግን በሌላ መንገድ ሄዳለች። በስኳር መጠጦች ላይ የጣለችውን ግብር እ.ኤ.አ. በ2016 አስታውቃ ሥራ ላይ ያዋለችው በሚያዝያ 2018 ሲሆን፣ ለአምራቾች ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ የዝግጅት ጊዜ ሰጥታለች። በ100 ሚሊ ሊትር ከ5 ግራም በታች ስኳር ያለው መጠጥ ከግብሩ ነጻ ነው፤ ከ8 ግራም ጀምሮ ደግሞ ከፍተኛው መጠን ይጣልበታል። ውጤቱም ብዙ አምራቾች ቀኑ ሳይደርስ ስኳሩን መቀነሳቸው ነው። ጠጪው ምርጫውን ሳይለውጥ፣ ተጨማሪ ሳይከፍልም፣ የሚጠጣው ስኳር ቀነሰ። በኋላ የወጣ አንድ ጥናት ከግብሩ በኋላ በ10 እና በ11 ዓመት ሴቶች ልጆች ዘንድ ከልክ ያለፈ ውፍረት ከተጠበቀው ያነሰ ሆኖ እንዳገኘው ዘግቧል፤ በወንዶቹ ላይ ግን ለውጥ አላየም። ስለዚህ ግብሩ ብቻውን ሁሉን ይፈታል አልልም።

ቺሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2016 ጀምሮ ስኳር፣ ጨው፣ ስብ ወይም ካሎሪ በበዛባቸው የታሸጉ ምግቦች ፊት ላይ ባለ ስምንት ማዕዘን ጥቁር ምልክት እንዲለጠፍ አስገደደች፤ ምልክቱ ያለበትን ዕቃ በትምህርት ቤት መሸጥንና ሕፃናትን በሚማርክ ሥዕል ማስተዋወቅንም ከለከለች። ከዚያ በኋላ በተደረገ ጥናት፣ የጣፋጭ መጠጥ ግዢ ሕጉ ባይወጣ ሊሆን ከሚችለው ወደ ሩብ የሚጠጋ ቀንሶ ተገኝቷል።

«አምራቹ ለምን በፈቃዱ አያደርገውም?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። እኛም ሞክረን ነበር። ከጊዜ በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የአንዱን መጠጥ ስኳር በአምስተኛ ለመቀነስ ሐሳብ ስታቀርብ ማንም ሐሳቧን አልተቃወመም፤ ነገር ግን ተወዳዳሪው ድርጅት የማይቀንስ ከሆነ ገበያውን እንደሚወስድብን ሁላችንም ስለምናውቅ ጉዳዩ ወደሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ፤ በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በአንድ መስፈርት የሚያዝ ሕግ ቢኖር ኖሮ ሐሳቧ በዚያው ዕለት ይጸድቅ ነበር። ለዚህ ነው መንግሥት መጀመሪያ ይንቀሳቀስ የምለው፤ ጥሩ ለመሥራት የሚፈልገው አምራች እንኳ ያለ እሱ ብቻውን መንቀሳቀስ አይችልም።


መልስ፦ ከመምህር

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የፈተና ወቅት ሲቃረብ መጀመሪያ የሚሰረዘው የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው፤ እኔ ራሴም የሒሳብ ክለሳ ለመስጠት ተበድሬው አልመለስኩትም። እንቅስቃሴ ብቻውን ክብደትን ብዙ እንደማይቀንስ አውቃለሁ፤ ለልብ፣ ለአጥንትና ለልጁ መንፈስ የሚሰጠው ጥቅም ግን ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ይህ ከማንም የማልጠብቀው፣ ነገ ጠዋት በእጄ ያለ ጉዳይ ስለሆነ ነው የጻፍኩት።


መልስ፦ ከአንድ አባት

የሜትር ገመዱን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ትናንት ማታ ሴት ልጄን ይዤ ወደምንገበያይበት መደብር ሄጄ ነበር። ሒሳብ መክፈያው አጠገብ ጎንበስ ብዬ በእሷ ቁመት ልክ አየሁ። እኔ ቆሜ ሳለሁ የሚታየኝ የባትሪ ድንጋይና ጋዜጣ ነው፤ ከታች ግን ዓይን የሚያርፍበት ሁሉ ጣፋጭ ነው። ለብዙ ዓመት በዚያ ቦታ አልፌ አላስተዋልኩትም ነበር።

ለአዋቂ ሰው ያልኩትን አልለውጥም፤ የራሴን ኃላፊነት ለማንም አሳልፌ አልሰጥም። ለሕፃናት ግን ሐሳቤን ለውጫለሁ። እኔ ለመቀነስ ሁለት ዓመት የፈጀብኝ፣ ከዕውቀትና ከገቢ ጋር ነው። ልጄ በስምንት ዓመቷ ያንን እንድታደርግ መጠበቅ ተገቢ አይደለም። ግብሩ በዝቅተኛ ገቢ ላይ የሚያሳድረው ጫና አሁንም ያሳስበኛል፤ ቢያንስ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለልጆች ምግብና ለመጫወቻ ሜዳ እንዲውል በሕጉ ውስጥ መጻፍ አለበት።


ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባለሙያው የጻፉትን የሆስፒታል ጥናት ለልጄ በቀላል ቋንቋ ነገርኩት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «ታዲያ ሰዎቹ ምግቡን ራሳቸው አልመረጡትም ነበር?» አለኝ። አልመረጡትም አልኩት። «እኔም ካፍቴሪያ ውስጥ ያለውን አልመረጥኩም» አለ።

ከሦስት ወላጆች ጋር ሆነን ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ እያዘጋጀን ነው። ጣፋጭ መጠጦቹ ከፊት ለፊት መደርደሪያ እንዲነሡና በቦታቸው ያለ ክፍያ የሚቀዳ ንጹሕ ውሃ እንዲቀመጥ፣ መምህሩ ያነሡት የስፖርት ክፍለ ጊዜም በፈተና ወቅት እንዳይሰረዝ እንጠይቃለን። ለጤና ተቋሙም ልጆች ሲመዘኑ ውጤቱ ለብቻ እንዲነገር በጽሑፍ አመለክታለሁ። ስለ ግብሩና ስለ ምልክቱ ደግሞ ለሕዝብ ተወካያችን የሚላክ ሌላ ደብዳቤ አለን። አንድ ነገር ግን አልተስማማንበትም፦ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ለአስተዳደሩ እንጻፈው ወይስ ለካፍቴሪያው ባለቤት?


መልስ፦ ከቀድሞ የምግብ ፋብሪካ ሠራተኛ

ለሁለቱም ከመጻፋችሁ በፊት የካፍቴሪያውን የኪራይ ውል ለማየት ጠይቁ። ባለቤቱ ምናልባት ለኪራዩ የሚበቃ ገቢ የሚያገኙት ከእነዚያ መጠጦች ይሆናል፤ ማቀዝቀዣውም ከአከፋፋዩ በነጻ የተሰጣቸው ከሆነ ሌላ ዕቃ ከፊት እንዳያስቀምጡበት የሚያስገድድ ስምምነት ፈርመው ሊሆን ይችላል፤ እኔ ራሴ እንዲህ ያሉ ስምምነቶችን አስፈርሜያለሁ። ስለዚህ ደብዳቤው ውሉን ለሚፈርመው ሰው ይሂድ፤ የሚታደስበትንም ቀን አረጋግጡና ቢያንስ ሁለት ወር ቀድማችሁ አስገቡት።